የሎሚ ሕመም

ሸምሱዬ፣ የልጆቼ አባት፣ ባለህበት ሰላሜ ይድረስህ። ከተለየኸኝ ሁለት የቡና ለቀማ አለፈ።

ቤቱ ደህና ነው ልበልህ? ልጃችን ዘቢባ አጋሮ ተድራለች፣ ወንድሟ ከድር ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። የቀበሌውን ስኳር አሁን ለራሴ ብቻ ነው የምቀበለው። እኔና ውሻህ ሎሚ ቀረን። አንተ እያለህ ልብሴን እንዳትነካኝ በእንጨት እመልሳት አልነበር? አሁን ቀኑን ሙሉ የማወራው ከሷ ጋር ነው።

እንዳትቆጣኝ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ጡቷ ላይ የቡና ፍሬ የምታህል እብጠት ወጣች። እንደ በቅሎ እብጠት መስሎኝ ማጭድ አግለው እንዲተኩሷት አደረግኩ። ቁስሉ አልድን አለ፤ እብጠቱም እንቁላል አከለ።

በመጨረሻ የከብት ክሊኒክ ወሰድኳት። በሬና በቅሎ ይዞ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀብኝ። አንድ ሽማግሌ፣ ይቺም ትታለባለች እንዴ አይሉኝ! አዎ አባባ፣ ለእርስዎም አንድ ጣሳ አስቀምጣለሁ አልኳቸው። ብትሰማ ትስቅ ነበር።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ግን ሰው አክባሪ። ነቀርሳ ነው አለኝ። ገና ትንሽ ሳለ ቢያመጧት ቆርጬ አወጣው ነበር፣ አሁን ሳንባዋ ገብቷል፣ የምታለከልከው ለዚያ ነው አለ። መድኃኒት የለውም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ለሰውም አልተገኘ እናቴ አለኝ። መተኮሱ አሠቃያት እንጂ በሽታውን አላመጣውም ብሎም አጽናናኝ። ቁስሉን በጨው ውኃ ይጠቡላት፣ የምትወደውን ያብሏት፤ መብላት ስታቆም ግን ያምጧት፣ በመርፌ ሳትሠቃይ ታርፋለች አለ።

ይኸው ቁስሏን አጥባለሁ፤ ከዚያ ውሻ ለነካ ሸሪዓው እንደሚያዘው እጄን ሰባት ጊዜ እታጠባለሁ፣ አንዱን በአፈር። ጎረቤቶች አበደች ይላሉ። ይበሉ።

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ዛሬ ጉበት ሰጠኋት፤ አሽትታው ፊቷን አዞረች። በሩ ሲንቋቋ ግን ጆሮዋ አሁንም ይነሳል፣ አንተ የመጣህ እየመሰላት። ነገ እወስዳታለሁ። እንዴት ይቻለኛል ሸምሱዬ? ከሷ ሌላ አብሮኝ አንተን የሚጠብቅ እኮ የለም።

አንተ ስታልፍ ከተኛህበት ክፍል አስወጥተውኝ ነበር፤ እጅህን አልያዝኩም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ነገ ግን ውጪ ቁሚ ቢሉኝ አልሰማም። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ዓይኗ እስኪከደን ስምህን እጠራላታለሁ። ከዚያ በኋላ ስምህን ለባዶው ቤትም ቢሆን እጠራለሁ እንጂ፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ ከአፌ አልለይህም።

ባለቤትህ ፋጡማ