የወይዘሮ ማዘንጊያ ጎሹ የሕይወት ታሪክ፦ ከደጀ ሰላሙ ወንበር

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በመገኘት በአሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ ወይዘሮ ማዘንጊያ ጎሹን የሚስተካከል አልነበረም። ቄሶቹ እንኳ ሲመጡ በር ላይ ያገኟቸው ነበር። እርግጥ ነው፣ ከበሩ ብዙም አያልፉም።

ወይዘሮ ማዘንጊያ ከአባታቸው ከአቶ ጎሹ ተገኘ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋንቱ ወርቄ በመስከረም 1946 ዓ.ም. ጎንደር ክፍለ ሀገር፣ እብናት ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል፤ «አምስተኛ ክፍል ወንዝ ማዶ ነበር» ይሉ ነበር። በእግር ወደ ሱዳን ተሰድደው ገዳሪፍ ላይ ከአቶ ሽፈራው አየለ ጋር ተጋቡ፤ ታዴዎስንና መስከረምን ወለዱ። በ1983 ዓ.ም. ኮሎምበስ መጥተው ሊንደን የተባለው ሰፈር ኖሩ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ካናል ዊንቸስተር ባለ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ለብዙ ዓመታት ናይት ሺፍት፣ ሌሊት ሌሊት ሠርተዋል።

እሑድ ጠዋት ከሥራ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። የስኳር መድኃኒታቸው በባዶ ሆድ ስለማይወሰድ መኪና ውስጥ ቁርስ ይበላሉ፤ በልተው ደግሞ ቅዳሴ አይገቡም። አባ ሩፋኤል «እናቴ፣ ታማሚ ነዎት፣ ይግቡ» ቢሏቸውም፣ «እዚሁ ይሻለኛል አባ» ብለው ደጀ ሰላሙ ውስጥ፣ ማሞቂያው አጠገብ ካለችው ወንበር ይቀመጡ ነበር። ደጀ ሰላም የምንለው በውጭው በርና በቅዳሴው አዳራሽ መካከል ያለውን መግቢያ ክፍል ነው። አገር ቤት ያልጾመ ሰው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ሆኖ ያስቀድሳል፤ እዚህ በበረዶ ዛፍ ሥር የሚቆም የለም። የሚያለቅስ ሕፃን የያዙ እናቶችም እዚያው ናቸው። ወይዘሮ ማዘንጊያ ሕፃኑን ተቀብለው ያባብላሉ፤ አንዳንዴ ከሕፃኑ ቀድመው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት ኮሚቴው ቦታ ጠበበ ብሎ ግድግዳውን አፍርሶ ደጀ ሰላሙን ከአዳራሹ ሊቀላቅል ተነሣ። የልጅ ልጃቸው ቤተልሔም በስብሰባው ላይ፣ በጥንት ክርስቲያኖችና በቢዛንታይን ዘመን እንዲህ ያለ መግቢያ ክፍል ይሠራ እንደነበር፣ ያልተጠመቁና ንስሐ ላይ ያሉ ሰዎች እዚያ ሆነው ያዳምጡ እንደነበር በስላይድ አስረዳች። ስሙ ናርቴክስ መሆኑን ደጋግማ ተናገረች። ሰው አዛጋ። ከዚያ ወይዘሮ ማዘንጊያ ከኋላ፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ታዲያ እኔ የት ልሁን?» አሉ። ግድግዳው እስከ ዛሬ አለ።

ወይዘሮ ማዘንጊያ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ዛሬ ደጀ ሰላሙን አልፈው፣ ወንበራቸው ጋ ሳይቆሙ፣ እስከ ፊት ድረስ ገብተዋል።

ቤተልሔም ይህን ጽሑፍ «እግዚአብሔር በሰማያዊው ደጀ ሰላም፣ ማሞቂያው አጠገብ ወንበር ያዘጋጅላቸው» ብላ ልትዘጋው ነበር፤ በጣም ያማረ መስሏት። እናቷ ወይዘሮ መስከረም አነበቡትና መለሱላት። «አንቺ፣ እማዬን እዚያም በር ላይ ልታስቀሪያት ነው? ደክሟታል። ነፍሷን ወደ ውስጥ ያስገባልን ብለሽ ጨርሺ።»