ግራጫ የተቀቡ ሽቦዎች

ማክሰኞ

በራ። ሠዓሊዋ ፀሐይ የፈረሰውን የካዛንቺስ ሰፈሯን በሰፊ ጣውላ ላይ ሥላ በየመስኮቱ ትንንሽ መብራት ልታስገባ ካሰበች ወዲህ፣ ላንቻ ወደሚገኘው ስቱዲዮዋ እየተመላለስኩ፣ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳስተምረው የኖርኩትን የኤሌክትሪክ ሙያ ለእርሷ በሚገባት መንገድ ለማስረዳት ስደክም ሰንብቼ፣ ዛሬ አመሻሽ ላይ ማብሪያውን ስትጫነው መስኮቶቹ ሁሉ በአንድነት ወገግ አሉ። በየዳር ሰፈሩ የተበተኑት የቀድሞ ጎረቤቶቿ ቅዳሜ መጥተው የየራሳቸውን መስኮት በርቶ እንዲያዩት ጠርታቸዋለች። መበየጃውን ስትይዝ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ አብዛኛውን ሽቦ የበየድኩት እኔ ነኝ። ደክሞኛል፤ ደስም ብሎኛል።

ረቡዕ

ጨለማ። አንድም መስኮት አይበራም። ፀሐይ ጠዋት ሽቦዎቹን ፈትታ፣ ሁሉንም ግራጫ ቀብታ፣ እንደመሰላት መልሳ አያይዛቸዋለች። ምነው ብላት፣ «ቀዩ በመስኮቶቹ በኩል እየታየ ዓይን ይወጋል ጋሼ። ማለቴ፣ ሥዕሉ ላይ ሌላ ቀይ የለም» አለችኝ። ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ነጌቲቭ መሆኑን፣ ሁለቱ ከተገለባበጡም እነዚህ መብራቶች እንደማይበሩ ደጋግሜ ነግሬያት ነበር፤ ዳሩ ግን በእርሷ ዓይን ቀለም ይስማማል ወይም አይስማማም እንጂ ፖዘቲቭና ነጌቲቭ የለውም።

መበየጃውን ላነሳ እጄን ስሰድ ቀድማ አነሳችው። «በቃ ጋሼ፣ እርስዎ ከሠሩት እኔ መቼ ልማር? ትናንትም የሠሩት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ማብሪያ ነው የተጫንኩት።»

በስታዲየም በኩል እያዘገምኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሐሙስ

እጆቼን ኮቴ ኪስ ከትቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሽቦ መፈተሻውን ቴስተር እርሷ ያዘች፤ እኔ በአንደበቴ ብቻ እመራለሁ። አንዱን የሽቦ ጫፍ ነክታ ሌላውን ጫፍ ስትፈልግ፣ ሲገናኙ መሣሪያው ጢጥ ሲል፣ ጫፉን በምላጭ ፍቃ የጥንቱን ቀይ ወይም ጥቁር ስታወጣ ዋለች። መበየጃው ጣቷን ፈጃት። ሁለት ጊዜ አበላሸች፤ ሁለቱንም ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። «እርስዎ እዚያ ሆነው ሲተነፍሱ ነው እኔን የሚጨንቀኝ» ብላ ሳቀችብኝ። ግማሹ በራ። እጇ መንቀጥቀጡን ትቷል።

ዓርብ

ያልጠበቅሁት ነገር። ሽቦዎቹን ከጣውላው ጀርባ አውጥታ በፊት ለፊቱ ዘረጋቻቸው፤ ከግራጫው ሥር ጥቁር የሆነውን ከምሰሶ ምሰሶ የሚሻገር የመብራት መሥመር፣ ቀይ የሆነውን ደግሞ ከደጅ ደጅ የተሳበ የልብስ ማስጫ ገመድ አደረገችው። «የኛ ሰፈር ሰማይ መቼ ሽቦ አጥቶ ያውቃል?» አለች። ፖዘቲቭ የትኛው ነው ብዬ ስፈትናት፣ ቀና ሳትል «ልብስ ማስጫው» አለችኝ። ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ ይህ ይሻላል። ማታ ስንለያይ የቀረ መስኮት አልነበረም።

ቅዳሜ

ጎረቤቶቹ መጡ። እየተጠቋቆሙ፣ «ያው የኔ»፣ «ያንቺማ በር የለውም» እየተባባሉ ሲሳሳቁ፣ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት እማማ ዘነበች ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጎንበስ ብለው የራሳቸውን መስኮት አገኙት። የእርሳቸው ብቻ ጨለማ ነው። ፀሐይ ፊቷ ሲለዋወጥ አይተው፣ «አይዞሽ ልጄ፤ እኔ ቤትማ ድሮስ መብራት መቼ ይቆይ ነበር» አሉና ሰውን ሁሉ አሳቁት፤ እርሳቸው ግን ዓይናቸውን ከመስኮቱ አላነሡም።

ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ እጆቼን ኮቴ ኪስ ውስጥ እንደጨበጥኩ ከወንበሬ ተነሣሁ። ፀሐይ ወደ እኔ ዞራ ብታይ ኖሮ ምን እንደማደርግ እግዜር ይወቀው። አላየችም። ቴስተሩን አንሥታ የልብስ ማስጫውን ከጫፉ ጀምራ ተከተለችው፣ ከእማማ ደጅ ላይ የተላቀቀውን መጋጠሚያ አገኘችው፣ መበየጃውንም በጸና እጅ አስጠግታ አያያዘችው። መስኮቱ በራ፤ ውስጡ የሣለችው ቢጫ መጋረጃም ታየ።

እማማ ወደ መስኮቱ ይበልጥ ጎንበስ አሉ። ከዚያ፣ «መጋረጃዬን አልረሳሽውም» አሉ።

ተቀመጥኩ። ማንም እኔን ያየኝ የለም። ቤቴ ገብቼ ኮቴን ሳወልቅ፣ የሁለቱም ኪስ ስፌት ከጥጉ ተተርትሮ አገኘሁት።