ውሃ ላይ ያልተነገረኝ መርዶሽ

ለአትጠገብ፣

ሞትሽን ደበቁኝ። አንቺ አፈር ለብሰሽ፣ እኔን «ትንሽ ወባ ይዟት ነበር፣ ተሽሏታል፣ ሄደን እናምጣት» ብለው አባይን ይዘው አስወረዱኝ። ቀኑን ሙሉ ጀልባ ላይ ሳወራና ስስቅ ዋልኩ። በዚያ ጀልባ ላይ ሞትሽን የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። በደሉ ይህ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ከተለያየን ዓመት አለፈ። ለእኔ የተለያየነው አንቺ በሞትሽበት ቀን አይደለም፤ ጳጉሜ ላይ ልጃችን ስመኝ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ አጠገቧ ልሁን ብለሽ ወደ ቆላ የወረድሽ ዕለት ነው። ወባው የሚነሣበት ወር ነው፣ የደጋ ሰው በዚህ ጊዜ ቆላ አይወርድም አልኩሽ። ሁለት ጊዜ አልኩሽ። አንቺ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ ገንፎ የሚያገነፋላት ሰው የላትም ብለሽ ወጣሽ። እልኸኛ እያልሽ የምትሰድቢው እኔን ነበር።

የቤቱን ነገር ልንገርሽ። ከጓዳ በኩል ያፈስስ የነበረውን ጣሪያ ራሴ ወጥቼ መታሁት። ሰው ሊያወርደኝ መሰላል ሥር ተሰብስቦ ነበር፤ ጨርሼ ወረድኩ። ጌሾሽ አጥሩን አልፎ ወደ ጎረቤት ወርዷል፤ ቅጠል ለሚጠይቁኝ እሰጣለሁ፣ አንቺ እንደምታደርጊው መርጬ አይደለም፣ የቆረጡትን ይውሰዱ። የሰንበቴ ተራሽ ሲደርስ ጠላውን የጎረቤት ሴቶች ጠመቁልኝ። ቀጠነ። ሰው ጠጣው፤ እኔም ጠጣሁት። ወፍጮው አሁንም በናፍጣ ነው የሚሠራው። የመብራት ወፍጮ ከተማው ውስጥ በዝቷል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ግን ጤፉን አሸክመው ወደ እኔ ይመጣሉ።

አሁን ስለዚያ ቀን።

ልጅሽ ሙሉቀን ከፍኖተ ሰላም በጠዋት መጣ። ትምህርት ቤቱን እንዴት ትተህ መጣህ ስለው ፈቃድ ወስጃለሁ አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ የመንገድ አቧራ ነው ብዬ አለፍኩት። ጠበልሽን በጀሪካን፣ ወፍራሙን ጋቢሽን በፌስታል፣ ዳቦ ደግሞ በአገልግል ያዝኩ። ክረምቱ የቆላውን መንገድ ቆርጦት ስለነበር ከቡሬ ወደ ወንዙ በመኪና ወርደን፣ ከዚያ ወዲያ እህልና ሰው በሚያመላልሰው የሞተር ጀልባ መሄድ ነበረብን። አባይ እዚያ ጋ ወደ ደቡብ ተጠምዞ ይወርዳል። ላይ ደጋው ቢጫ በቢጫ ሆኖ አደይ ለብሶ ትተነዋል፤ ታች ግን ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ሙቀቱ ከድንጋዩ ይነሣል። ውሃው ገና ደፍራሽ ነበር፤ ዳር ዳሩን ብቻ መጥራት ጀምሯል። አዞ አሸዋ ላይ ተኝቶ አየሁ። ስደርስ እነግራታለሁ ብዬ በልቤ ያዝኩት።

መሀል ላይ አስቀመጡኝ። በግራዬ ሙሉቀን፣ በቀኜ አንድ ጎረምሳ ተጠግተውኝ ተቀመጡ። ሙሉቀን የጋቢዬን ጫፍ በእጁ ጠቅልሎ ይዞታል። ለሽማግሌ ክብር መስሎኝ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ አልኩሽ።

ባለጀልባው ደሴ ይባላል። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። አፍጥነው አልኩት። «አያ ጫኔ፣ ውሃው ገና ሙሉ ነው፤ ቀስ ብለን ብንወርድ ይሻላል» አለኝ። እኔ ደግሞ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ?

«ይሄ ጀልባ ነው ወይስ ቀብር ሸኚ?» አልኩት።

ማንም አልሳቀም። ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሳቅ ያፈናት መስሎኝ ጨመርኩላት፤ ባለቤቴ ዛሬ አርፍጄ ብደርስ ከወባው የምትብስ እሷ ናት አልኳት። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች። ሙሉቀንንም ነካሁት፣ አርባ ተማሪ ፊት የሚለፈልፈው ምላስህ ዛሬ ምን ዋጠው አልኩት። ደክሞኝ ነው አባዬ አለ።

እኩለ ቀን ላይ ሞተሩ ታፈነ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ የወፍጮዬ ወንድም ነው። ደሴ ቆሞ ሲያይ እኔ ጋቢዬን ከልጄ እጅ ነጥቄ ተነሣሁ። ማጣሪያውን ፈትቼ፣ በናፍጣ አጥቤ፣ በአፌ ነፍቼ መለስኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ሁለቱ ከኋላዬ ቆመው ቀበቶዬን ይዘውኝ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሚስቴን አያታለሁ አልኳቸው። እኔ፣ የሰባ ዓመት ሰው፣ ወደ አለቀ ቀብር ለመፍጠን አፌ ናፍጣ እስኪሞላ ሞተር ሠራሁ። እነሱም አሠሩኝ። አንድ ሰው እንኳ ተወው፣ ቁጭ በል የሚል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ስለ አንቺ አወራኋቸው። ጨውና ስኳር ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ፊደል ስማር፣ አንቺ ፊደል ሳትቆጥሪ አጠገቤ ተቀምጠሽ እንዴት እንዳስጠናሽኝ። ጮክ ብለህ አንብብልኝ ትይ ነበር። ያልገባኝን ቃል ከሆዴ ፈጥሬ ሳስገባ፣ ይሄኛውን ጋዜጣው አላለውም፣ አንተ ነህ ያልከው ትይኛለሽ። አንድም ቀን ስተሽ አታውቂም። እስከ ዛሬ ከየት እንደምታውቂው አላወቅሁም። ይህን ስነግራቸው ሳቁ። የሴትዮዋ ዕንባ ወረደ። በሳቅ ነው አልኩ። ዳቦውን ቆርሼ አዞርኩላቸው፤ ሁሉም ተቀበለኝ፣ ሁሉም በእጁ ይዞት ቀረ።

ወደቡ ጋ ስንጠጋ ወንዶች በሰልፍ ቆመዋል። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘዋል። የስመኝ ባል ራሱን ተላጭቷል። ያኔ አወቅሁ፤ ግን ገና ውሃ ላይ ነበርኩ፣ ማንም አፉን አልከፈተም። ሁለቱም እግሮቼ ደረቅ መሬት ሲረግጡ ብቻ ሙሉቀን ጋቢዬን ለቀቀ። አንድ ሽማግሌ ወደ ፊት መጥተው «አያ ጫኔ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት» አሉኝ። ሰልስትሽ ነበር። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ፍትሐቱ ተደርጎ፣ ሁሉ አልቆ እኔ የጠበል ጀሪካን ይዤ ቆሜአለሁ።

ወጉን አውቃለሁ፣ አታስተምሪኝ። መርዶ በማለዳ፣ በደጅ፣ ዘመድ ከብቦ ነው። መንገደኛ መርዶ አይረዳም። ውሃ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይረዳም፤ ራሱን ይጥላል ይባላል። ቆላው ሬሳ እንደማያቆይም አውቃለሁ፤ ሳልደርስ ስለቀበሩሽ አልቆጣም። ግን ቡሬ ቤቴ ውስጥ፣ ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳለ ለምን አልነገሩኝም? ይህን ሙሉቀንን ጠየቅሁት። ብነግርህ ጀልባው ላይ አላወጣህም ነበር፣ ካላወጣሁህ ደግሞ መቃብሯን ሳታይ አርባዋ ይወጣ ነበር አለኝ። እንደ አስተማሪ መልስ አዘጋጅቶ ነው የመጣው። በዚያው አመሻሽ ልጅነቱን ካድኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ስመኝ አራስ ስለሆነች ከቤት አልወጣችም ነበር። ስገባ ሕፃኗን አቅፋ ተነሣች። ወንድሜን አትቆጣው አለችኝ። እናቴ ናት ያዘዘችው አለችኝ። ትኩሳቱ ቀለል ባለሽ ሰዓት ጠርተሻት፣ «አባትሽ ዋና አይችልም። ወንዙን ሳይጨርስ እንዳትነግሩት፤ ሙሉቀን አጠገቡ ይሁን» ብለሻታል።

አትጠገብ፣ እኔ ይህን ምን ላድርገው?

ሙሉቀንን ልቆጣ እችላለሁ፣ ልጄ ነው። ደሴን ልቆጣ እችላለሁ። አንቺ ግን እየሞትሽ እኔን ለሰው አስጠበቅሽኝ፤ እንደ ሕፃን፣ እንደ ዕብድ ቀበቶዬን አስያዝሽኝ። አባቴን በእጄ ቀብሬአለሁ። ሁለት ልጆቻችንን ስንቀብር አንቺን ደግፌ ያቆምኩሽ እኔ ነኝ፤ ማን ይዞኝ ነበር? ሐዘን መሸከም የማልችል ሰው ሆኜ ያየሽኝ መቼ ነው? ቢነግሩህ ትዘል ነበር ይሉኛል። እዘል አልዘል እንደሆነ እኔም አላውቅም። እንዳላውቅ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ፤ የምቆጣው በዚህም ነው።

ዓመቱን ሙሉ ሙሉቀን ሽማግሌ እየያዘ መጣ። ወንበር እሰጣቸዋለሁ፣ ጠላ አስቀዳለሁ፣ ጉዳዩ ሲነሣ ወደ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ። ባለፈው እሑድ የነፍስ አባታችን ብቻቸውን መጡ። ሙት ዓመትሽ ሳይደርስ ይቅር ካላልክ ተዝካሩን በምን እጅህ ታወጣለህ አሉኝ። ይቅር አልኩ ብል እዋሻለሁ አልኳቸው። መዋሸት አልለመድኩም፤ አንቺ እያለሽ እንኳ አልሆነልኝም። እንግዲያው ቢያንስ ዝጋው አሉኝ። ያን እችላለሁ።

ነገ ለሙት ዓመትሽ በዚያው ወንዝ ወደ አንቺ እወርዳለሁ። ሙሉቀን ይመጣል፤ ና ብዬ የላክሁበት እኔ ነኝ። ሕፃኗ መሄድ ጀምራለች፣ ግንባሯ ያንቺ ነው። በጸሎቴ ስምሽን ሳልጠራ አልውልም፤ ጌሾሽን እኮተኩታለሁ፣ የሰንበቴ ተራሽንም በስምሽ አወጣለሁ፣ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ። ያ ቀን ግን እዚህ ወረቀት ላይ አበቃ። ልጄ ቢለምነኝ፣ የነፍስ አባታችን ቢያነሱት፣ አንቺም በሕልሜ መጥተሽ ልታስረጂኝ ብትሞክሪ፣ ዳግመኛ አንድ ቃል አልናገርበትም።

ባልሽ ጫኔ