አንድም ቃል እንዳይጎድል

ይድረስ ለምወድዎ እናቴ፤ ሾላ፣ አዲስ አበባ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ ገብቷልና ያ ቀኙ ዛሬም ያስነክስዎታል? የግፊት መድኃኒትዎንስ ሳያቋርጡ ይወስዳሉ ወይስ ነገ ጾም ሲገባ እንደ አምናው ሊዘሉት ነው? ዓይንዎን ሐኪም አየው አላየው ማንም አላሳወቀኝም። የግቢው ሰው፣ ጎረቤቱ፣ የማኅበሩ እናቶች ሁሉ እንደምን ከርመዋል?

ስለ እኛ እስከ ዛሬ በጻፍኩልዎ ደብዳቤ ሁሉ «ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብዬ ነው የምጀምረው። ዛሬ ግን አልጀምርም። ይህች አነጋገር ምን እንዳደረገችኝ ቲጂ አንብባ ስትጨርስ ይረዱታል። ቲጂዬ፣ አንቺም ለእማዬ ስታነቢ ደስ የማይለውን እየዘለልሽ እንደሆነ አውቃለሁ። የዛሬውን ከዘለልሽ ግን እህትማማችነታችንን እርሺው።

ባለፈው በስልክ እትዬ ዘመናይ ቤትዎ መጥተው እንዳለቀሱ ነገሩኝ። «ልጅሽ ልጄን ከእንጀራው አፈናቀለችው» አሉ አሉ። እርስዎም «ለእኔ ስትዪ አድነውን ይቅር በዪው» አሉኝ። ድምፅዎ ሲሰበር ስለሰማሁ ነው ወሬውን የቀየርኩት እንጂ መልስ አጥቼ አይደለም። መልሴ ይኸው።

እዚህ አገር እንደ ልጄ እንደ ሚካል የአእምሮ እድገት ችግር ላለባቸው ልጆች የወጣ ሕግ አለ፤ ኤልኤስኤስ ይሉታል። ቤት መጥቶ እናትን የሚተካ፣ ልጅቱን ይዞ የሚያናፍስ ሰው መንግሥት ይመድባል። ቅዳሜና እሑድ ሄዳ የምታድርበት ቤትም አለ። ምጽዋት አይደለም፣ መብት ነው። ግን በመጀመሪያ ከኮሙኑ፣ እንደ እኛ ወረዳ ካለው መሥሪያ ቤት፣ ሄንድለጋሬ የሚሏት ጉዳይ ፈጻሚ ቤት ድረስ ትመጣለች፣ እናትም የቤቷን መከራ በአፏ አውጥታ መናገር አለባት። ያልተናገረችው ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። ቋንቋ ለማይችል ደግሞ ቶልክ ይመጣል፣ አስተርጓሚ ማለት ነው። ለእኔ የመጣው አድነው ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የሰፈሬ ልጅ፣ አንድ ግቢ ያደግን፣ ከእኛ ቀድሞ አገሩን የለመደ።

ሄንድለጋሬዋ ልትመጣ ሲቃረብ ቤቴ ብቅ ብሎ መከረኝ። ቤቱን አሳምሪ፣ ሚካልም አምሮባት ትቅረብ፣ ስዊድኖች ቤት ያያሉ፣ ችግር ካበዛሽ አልቻለችም ብለው ልጅሽን ይወስዱብሻል አለኝ። እማዬ፣ እዚህ «ሶሻል» የሚሉት፣ ልጅ ከወላጅ የሚወስደው መሥሪያ ቤት ስሙ ሲነሳ የማትንቀጠቀጥ ሐበሻ እናት የለችም። አመንኩት። መጋረጃ አጠብኩ፣ ዳቦ ደፋሁ፣ ሚካልን ለፋሲካ የገዛሁላትን ቀሚስ አለበስኳት። ሴትዮዋ ቁጭ ብላ ስትጠይቀኝ ግን ሚካል እጅጌዋን ስታኝክ አየኋትና አልቻልኩም፣ ዘረገፍኩት። ሌሊት እንደማትተኛ፣ በር ክፍት ካገኘች እንደምትወጣ፣ ስትናደድ እንደምትነክሰኝ፣ ይህን የሚያህል ቁመቷን ተሸክሜ ሳጥባት ወገቤ እንደሚከዳኝ ሁሉንም ተናገርኩ። አድነው በስዊድንኛ አወራ፣ ሴትዮዋ ፈገግ አለች፣ ዳቦዬን በልታ አመስግና ሄደች። ቆይቶ መልስ መጣ፦ እርዳታ አያስፈልጋችሁም።

በዚያው ክረምት አንድ ጠዋት እኔ ሻወር ቤት እያለሁ ሚካል በሩን ከፍታ ወጣች። በሌሊት ልብሷ፣ በባዶ እግሯ፣ በዚያ በረዶ። የኖርስቦሪ ባቡር ጣቢያ መድረክ ጫፍ ላይ ቆማ ሐዲዱን ስታይ ነው የተገኘችው። ትኬት ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሮጦ ይዟት የራሱን ካፖርት አልብሷት ነበር። የእግሯ ጣቶች ጠቁረው ነበር፣ እስከ ዛሬ ጫማ ሳደርግላት ትሸሸኛለች። ይህን ለእርስዎ ጽፌልዎት አላውቅም። ያን ጊዜም የጻፍኩት ደህና ነን ብዬ ነው።

እኔም ሚካል ትምህርት ቤት በምትውልበት ሰዓት ቋንቋቸውን ጥርሴን ነክሼ ተማርኩ። ስችል ኮሙኑ ደወልኩ፣ አዲስ ሄንድለጋሬ አነሳች። ጉዳዬን ስነግራት ግራ ገባት። ባለፈው ራስሽ «ልጄ ትንሽ ትዘገያለች እንጂ ደህና ናት፣ ሌሊትም ትተኛለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የውጭ ሰው አንፈልግም» ብለሻል፤ አሁን ምን ተለወጠ? አለችኝ።  ለካ አድነው ለያኔዋ ሴትዮ የእኔን እሳት ውጦ የራሱን ቀዝቃዛ ውኃ ሲያቀርብላት ነበር!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ያዝኩት። ያፍራል ብዬ ነበር። «ገመናሽን ሸፈንኩልሽ እንጂ ምን በደልኩሽ? እንዲያውም ልታመሰግኚኝ ይገባ ነበር» አለኝ፣ ነጠላውን እያስተካከለ። ገመና! ሚካል ገመናዬ ናት? አጠገባችን የነበሩትም በጎ አስቦ ነው፣ እለፊው አሉኝ። ጳውሎስም፣ ሰላም ወዳዱ ባሌ፣ ዮርድብሩ መጋዘን ሲለፋ ውሎ መጥቶ ተዪው ነው ያለኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲያ አድነውን ባገኘሁት ቁጥር ጥርሴን እያሳየሁ ሰላም አልኩት። ቂም እንዲህ እንደሚያበረታ አላውቅም ነበር፤ ወገቤ እንኳ የቀለለኝ መሰለኝ።

ኮሙኑ እንደገና ሊያየኝ ሲስማማ አስተርጓሚ እንዲመጣልኝ ጠየቅሁ፣ በስሙ፣ አድነው ካልሆነ አልኩ። ሴትዮዋ ስዊድንኛሽ እኮ በቂ ነው አለችኝ። ለዚህ ጉዳይ ቋንቋዬንም እሱንም እፈልጋለሁ አልኳት። እሱም ቂሜን የተውኩ መስሎት ከረባቱን አስሮ ከች አለ፣ ጉንጬን ሳመኝ። እኔ ግን በዚያ ቀን ቤቱን አላነሳሁም። የበሩ ተጨማሪ ቁልፍ፣ በገመድ የታሰረው ቁም ሣጥን፣ መሬት ላይ ያለው ፍራሼ፣ ሚካል የላጠችው ግድግዳ፣ ሁሉም እንዳለ ቆየ። ዳቦም የለም።

እዚህ አስተርጓሚ በተናጋሪው ቦታ ሆኖ «እኔ» እያለ ነው የሚናገረው፣ ሥርዓታቸው ነው። እኔም ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ፣ በወንድ ፊት የማይባለውን ሁሉ አልኩ። ልጄ ሽንት ቤት ስትጠቀም የምጠርጋት እኔ ነኝ አልኩ፤ እኔ ነኝ አለ። የወር አበባ ሲመጣባት የማጥባት እኔ ነኝ አልኩ፤ ፊቱ ደም ለብሶ እኔ ነኝ አለ። እንዳላያት ዞር ሲል ሚካል ራሷ መጥታ ከረባቱን ይዛ ትስበው ጀመር። አንዳንድ ቀን ከእሷ በፊት እንዳልሞት፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አብረን እንድንሞት እጸልያለሁ አልኩ። ይቺን ሊዘልላት ሞከረ። በስዊድንኛ ለሴትዮዋ አንድ ነገር ጎድሏል፣ ይድገመው አልኳት። ዓይኑ ፈጠጠ። ቋንቋውን እንደማውቅ ያን ጊዜ ነው የገባው፤ ላቡ በአንገቱ ወረደ፣ ደገመው።

በመጨረሻ ወደ እሱ ዞሬ በአማርኛ እንዲህ አልኩ፦ «ባለፈው እዚህ የተቀመጠው አስተርጓሚ ቃሌን ለወጠው። ያፈረው ለእኔ አይደለም፣ በልጄ ነው ያፈረው። ያ ሰው ይህ ሰው ነው።»  ሴትዮዋ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችው። ወደ እኔ ዓይኑን ላከ፣ በእናትሽ፣ በሰፈራችን ይሁንብሽ የሚል ዓይን። አላዘንኩለትም፣ ጠበቅሁት። ከዚያ በራሱ አፍ፣ በራሱ ላይ፣ አንድ በአንድ ተረጎመው። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችው። እማዬ፣ ኃጢአት ከሆነም ይሁን፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ለአስተርጓሚ ቢሮው የነገረችው እሷ ናት፣ ከዚያ በኋላ ሥራ ሰጥተውት አያውቁም። እሰይ። ለእኛ ደግሞ ተፈቀደ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ የተመደበችልን ሴት ሚካልን ዋና ይዛት ሄዳለች። ይህን የምጽፍልዎ ማንም እጅጌዬን ሳይጎትተኝ ነው። ከገና በኋላ ደግሞ ሚካል ሄዳ የምታድርበትን ቤት ትጀምራለች።

እንግዲህ ይቅርታውን በተመለከተ፣ አድነው ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ። ይላክ። ሚካል በመካከላቸው እየዞረች፣ ከረባታቸውን እየጎተተች ከሆነ እቀመጣለሁ፤ እሷን ጓዳ አስገቢልን ያሉኝ ዕለት ግን ከደረጃው በታች ነው የማወርዳቸው። ለእትዬ ዘመናይም ይህ ደብዳቤ ይነበብላቸው፣ እርስዎ ባሉበት፣ አንድም ቃል ሳይጎድል። በኋላ ደውዬ ምን ምን እንደሰሙ ራሳቸውን እጠይቃቸዋለሁ።

ለቲጂና ለልጆቿ፣ ለወንድሜ ለይግዛው፣ ለአባ ወልደማርያም፣ ለጎረቤቱ ሁሉ በያሉበት ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ጳውሎስ ጉልበትዎን ይስማል። ለእትዬ ዘመናይ ሰላምታ የለኝም።

ሚካልም ሰላም ትልዎታለች እያልኩ ስጽፍልዎ ኖሬያለሁ፤ ብላ አታውቅም። አትናገርም፣ አያቷ ማን እንደሆኑም አታውቅም። እርስዎም ሰው ሲጠይቅዎት ስዊድን ኮሌጅ ልትገባ ነው እንደሚሉ ሰምቻለሁ። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ የሚጠይቅዎት ካለ፣ በአፍዎ፣ ሚካልን እንደሆነችው አድርገው ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ብርቅነሽ
ኖርስቦሪ፣ ስቶክሆልም
ኅዳር 14 ቀን 2000 ዓ.ም.