ሹካው ላይ ሰው አላነሳም

ሰኞ፣ ከቀኑ 11፡00
ጎማ አየሁ፣ ፍሬን ረገጥኩ፣ ክላክስ ሞከርኩ። ሁሉም ደህና። ጥፋቱ የፎርክሊፍቱ አይደለም ደብተሬ፣ የእኔ ነው።

ወደ ሞያሌ የሚሄደው የጭነት መኪና በር ላይ ቆሟል፣ ሹፌሩ ይጮሃል። ከላይኛው መደርደሪያ የቀረ የዱቄት ጆንያ አለ። የጫኞቹ አለቃ ቶላ እንደ ልማዱ ጫማውን አወለቀ (ባዶ እግር አይንሸራተትም ይላሉ)፣ የፎርክሊፍቱ ማንሻ ሹካ ላይ ወጣ፣ "ኦል ካሲ!" አለኝ። በኦሮምኛ አንሺኝ ማለቱ ነው። አነሳሁት። ሁሌም እናነሳቸዋለን። ጆንያውን ሲስብ ሚዛኑን ሳተ። መደርደሪያው ላይ በእጁ ተንጠለጠለ፣ እግሮቹ አየር ላይ። እኔ መሪው ላይ ደርቄ ቀረሁ። እንደምንም እግሩን ሹካው ላይ መለሰ። ሲወርድ ሳቀ፣ ጫኞቹም ሳቁ።

ሁለተኛ አላደርገውም።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት
ቶላ ዛሬም ሹካው ላይ ወጣ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

የመጋዘን ኃላፊው ጋሽ ታደለ ከጽ/ቤታቸው እየተጣደፉ መጡ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስታነሺ ኖረሽ ዛሬ ምን ተገኘ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። መሰላል ይምጣ አልኩ። መሰላሉ ለካ የመጋዘኑ ባለቤት ቤት ነው፣ ግድግዳ ቀለም እየተቀባበት! ሳቄ አመለጠኝ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ረቡዕ፣ ማታ 1፡00
ሰላም የሚለኝ ጠፋ። መኪና ሲዘገይ ጫኞቹም አምሽተው ይገባሉ፣ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ። ቶላ በሰው ፊት ፈሪ አለኝ። አዎ፣ ፈሪ ነኝ! ሰው ከዚያ ላይ ሲወድቅ ማየት እፈራለሁ። ምን ይጠበስ?

እማዬ ደወለች፣ ጸልዪ አለችኝ። ጸለይኩ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ዓርብ፣ 10፡30
ደብዳቤ ተሰጠኝ። እስከ ነገ የይቅርታ ማመልከቻ ካላስገባሁ ከፎርክሊፍት ወርጄ ጆንያ መስፋት። ጋሽ ታደለ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሲሰጡኝ ዓይኔን ማየት አቃታቸው። ዱከም ድረስ በሚኒባስ እየተመላለስኩ መንዳት የተማርኩት ጆንያ ልሰፋ ነው? አለቀስኩ። ከንዴት ነው፣ ሌላ አይምሰልህ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡30
ቶላ በር ላይ ጠበቀኝ። ከሰኞ ጀምሮ ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ አይነሳም። ጋሽ ታደለ ካወቁ በሌላ ሰው ይተኩኛል፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብሎ ለመነኝ። ሌላ ሹፌር ቢያነሳህ ትወጣለህ ወይ አልኩት።
"ምን ላድርግ እህቴ?"

ስለ ክንዱ አልናገርም። ማመልከቻውን ግን ጽፌዋለሁ። ግልባጩ ይኸው፦

"ለመጋዘን ኃላፊ ጽ/ቤት። ይቅርታ እንድጠይቅ በታዘዝኩት መሠረት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በሹካ ስላነሳኋቸው ቶላንና ጓደኞቹን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማክሰኞ ስላደረግሁት አልጠይቅም። የፊታችን ሰኞም እደግመዋለሁ።"

ፈርሜበታለሁ። የጽ/ቤቱ በር ተከፈተ፣ ልግባ።