ለደሴ የዘገየ ለቅሶ

ጥቅምት 4፣ ጠዋት
የነቀዘውን ማሽላ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ዶሮ አባረርሁ። ደብተሬ፣ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ነው። ልጄ ትርንጎ ደወለች። ፊልም ልትሠራ ትመጣለች፤ እዚሁ መተማ ዮሐንስ፣ እኔ ግቢ ውስጥ። አሁን ተዋናይ አይደለችም፣ ዳይሬክተር ናት። እሺ አልሁ። እምቢ ማለትም ጉልበት ይፈልጋል።

ጥቅምት 7
አልጋ አነጠፍሁላት። የደሴን አልጋ። ወንድ ልጄ ደሴ አብርሃ ጅራ በሚባለው አገር እርሻ ላይ ትራክተር ተገልብጦበት ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እህቱ ቀብሩ ላይ አልነበረችም። አዲስ አበባ ቀረጻ ላይ ነበረች፣ ስልኳን ዘግታ። በአርባው መጣች። ዓይኗ ደረቅ። ቆይቶ ያኔ በተቀረጸችው ድራማ በቴሌቪዥን አየኋት፤ ለማላውቀው ሰው ሬሳ ደረቷን ትደቃለች። ጎረቤቶቼ እንዴት ታለቅስበታለች ብለው አደነቁ። ተነሥቼ አጠፋሁት።

ጥቅምት 9፣ ከምሳ በኋላ
መጣች። ከስታለች። አምስት ሰው፣ ሁለት ባጃጅ ሙሉ ዕቃ።
ትወናውን ለምን እንደተወችው ጠየቅኋት። ት/ቤት ድራማ ላይ ጀመረች፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ሁልጊዜ ገረድ፣ ሁልጊዜ አልቃሽ። ከደሴ ሞት ወዲህ አልቅሺ ሲሏት እንባዋ እምቢ አለ። ጥሪውም ቀረ። ሌላውን ማስለቀስ ይቀላል ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ጥቅምት 11
ጉድ ነው ደብተሬ። ፊልሙ ልጅ የሞተባት እናት ታሪክ ነው። እናት የምትሆነው አንዲት ለጋ ተዋናይ። ትርንጎ ጀምሪ አለቻት። ልጅቷ ዋይ አለች። እንደገና። ሦስት ጊዜ።
ለጎረቤት መንገር ረስተናል! ከአጥር ማዶ ያለችው እትዬ ዝማም ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየጮኸች ገባች። ከኋላዋ ሴቶች፣ ጉምሩክ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሳትቀር። ወንዶቹ የእድር ድንኳን ተሸክመው። ማን ሞተ?
ፊልም ነው አልኋቸው። እትዬ ዝማም ወገቧን ያዘች። «ፊልም? ድስቴን እሳት ላይ ጥጄ ነው የሮጥሁ! አሁንማ ሳላለቅስ አልመለስም!»
ሰው ሳቀ። እሷ ግን ዞር ብላ ትርንጎን ክንዷን ያዘቻት። «ነይ አንቺ፣ ያኔ ያላየንሽ።» ደሴን በስሙ ጠርታ ሙሾ አወረደች። ልጄ ደርቃ ቆመች። ከዚያ መሬት ላይ ተደፋች። ወንድሜ፣ ወንድሜ። እኔም አብሬ። ከሞተ ወዲህ እንዲያ አላለቀስሁም።
ካሜራውን ያጠፋው የለም።

ጥቅምት 12፣ 3 ሰዓት
ደክሞኛል። ማሽላውን አገላበጥሁ።
ትርንጎ የተቀረጸውን አሳየችኝ። ዓይኗ አብጧል። እንዲህ ያለ ለቅሶ ቀርጻ አታውቅም፤ የመጀመሪያ ፊልሟ ነው፣ ስም የሚያወጣላት ይሄ ነው። ግን እኔ ካልፈቀድሁ ታጠፋዋለች። የልጄ የስንት ዓመት ልፋት፣ እኔ አፍ ላይ።
ነገርኋት። የእኔ ይታይ። የእትዬ ዝማምም፣ ራሷ ከፈቀደች። ያንቺን ግን አጥፊው። ያ እንባሽ ለደሴ የመጣ ነው፤ ለሌላ ሰው አይሆንም።