አዲሱ የእሳት መስመሬ

ሰኞ
እንግዳ ይመጣል ተባለና ጫካውን ጠረግነው። ሐሳቡ የኔ ነው። መተማ ሳለሁ ለንግሥ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ እንጠርግ ነበርና ለሐጃ ኑራ ብነግራቸው «ደግ ብለሻል» አሉኝ። ሱዳን ገብቼ ዶካ አጠገብ እዚህ መንደር ስመጣ በራቸውን የከፈቱልኝ ጎረቤቴ ናቸው። ከሴቶቹ ጋር የወደቀውን ግንድም ጭራሮውንም ለቅመን አወጣን። ወገቤ ተቆረጠ። ግን የግራሩ ሥር ሲያምር!

ማክሰኞ
ጉድ ሆንኩ። እንግዳው ጫካ የሚለካ ሰው ነው። ዛፉ ካርቦን ስለሚይዝ፣ ጫካውን ለጠበቀ መንደር ባሕር ማዶ ያሉ ኩባንያዎች ይከፍላሉ አሉ። ለካ የወደቀ እንጨትም ይለካል። «የት ሄደ?» ሲል ሁሉም ወደኔ ዞረ። አንዱ ሽማግሌ «ሐበሻዋ ናት፣ ምን ታውቃለች» አሉ። አንገበገበኝ። ዓርብ የጫካው ባለቤቶች እነማን እንደሆኑ ይወሰናል። ያልተካተተ ከካርቦኑ ገንዘብ አይደርሰውም፣ ከግራሩም ሙጫ ለቅሞ መሸጥ አይችልም። እኔ ደግሞ የምኖረው በሙጫው ነው።

ረቡዕ
እንጨቱን ተሸክመን መለስነው። ሐጃ «እንጨት ወደ ጫካ ስሸከም የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው» እያሉ ሲስቁ ዋሉ። እኔንም አሳቁኝ። ለኪው አይቶ «ይበቃል፣ ለምድጃችሁም አስቀሩ» አለን። ትንሽ ቀለል አለኝ።

ዓርብ
የዚህ መንደር ደንብ እንዲህ ነው፤ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ሰደድ እሳት ሳይመጣ፣ እያንዳንዱ ቤት በጫካው ዳር የድርሻውን ሣር ይመነጥራል። የእሳት መስመር ያለው ባለቤት ነው። የመንደሩ ሹም ሼክ ኢድሪስ «ያንቺ መስመር የታለ?» አሉኝ። በየዓመቱ የምመነጥረው የሐጃን ነው። ሐጃ ብድግ አሉ። «ሼክ፣ የኔ ጉልበት ካለቀ ቆየ። መስመሬ አማረ ስትሉ የምታመሰግኑት እሷን ነው። እሷ ካልገባች እኔንም ተዉኝ።» ዓይኔ እንባ ሞላ። ሼኩ «እናያለን» ብለው ተነሡ። እናያለን ማለት ምን ማለት ነው? እህል አልበላ አለኝ።

እሑድ
ሼኩ ማለዳ ጠሩኝና ከሐጃ መስመር ቀጥሎ ድንጋይ ተከሉ። «ከዚህ እስከዚያ ግራር ያንቺ ነው። ነገ ጀምሪ።» ሰው ሁሉ የሸሸው እሾሃም ቦታ ነው። ደስ ብሎኝ እሾሁን እንኳን አላየሁትም። የካርቦኑ ገንዘብ ይምጣ ይቅር እንጃ። ሙጫዬ ግን ተረፈልኝ። ማታ ማጭዴን ስስል ሐጃ መጡና «የኔን ታዲያ ማን ይመነጥርልኝ?» አሉ። ማን ይሆናል፣ እኔው ነኝ እንጂ።